አሥራ ሁለተኛው ዓሣ

«ዓሣ ዓሣ ነው፤ ምን ልዩነት አለው?» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። ጅቡቲ ውስጥ ደግሞ እንዲህ የሚል ሞልቷል፤ ይበልጥ የሚያናድደኝ አብዛኛው የአገሬ ሰው መሆኑ ነው። ዝዋይ ዳር መኪና አቁሞ ሁለት ጊዜ የተጠበሰ ቆሮሶ የበላ ሁሉ፣ እዚህ ሲደርስ የባሕር ሊቅ ሆኖ ቁጭ ይላል። ቀላ ያለውን ሁሉ «ቀይ ዓሣ»፣ ነጣ ያለውን ሁሉ «ነጭ ዓሣ» ብሎ ይገላገላል። በግና ፍየል የማይለይ ሰው ቢያጋጥማቸው ግን ሆዳቸውን ይዘው ነበር የሚስቁት።

እኔ ድሬዳዋ ተወልጄ ጅቡቲ ያረጀሁ ሴት ነኝ። ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር አራት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት አለችኝ፤ ደንበኞቼ ከወደቡ ዕቃ ጭነው ወደ አገር ቤት የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ናቸው። ጾም በገባ ቁጥር ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም እያሉ ሲከራከሩ ጣሪያዬን ሊያወርዱት ይደርሳሉ። ግማሹ ይበላል፣ ግማሹ ሽሮውን ይዞ ያኮርፋል። የሚበሉትም ቢሆኑ ከመጉረሳቸው በፊት አንድ ጥያቄ አላቸው፤ «ማዘር፣ ቅርፊት አለው?» ይላሉ። ቅርፊትና ክንፍ የሌለው ዓሣ በእኛ ዘንድ አይበላምና ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ እጄ አንድ ነገር ለምዷል። የማላውቀው ዓሣ ሲመጣልኝ ሌላውን ሁሉ ትቼ በቅድሚያ በቢላዋ ከጭራው ወደ ራሱ ፋቅ አደርገዋለሁ። ቅርፊቱ ከተነሳ ለሾፌሮቹ ይሠራል፣ ካልተነሳ ለጎረቤት ይሰጣል። ሃያ ዓመት ሙሉ ያደረግኩት ስለሆነ እጄ እኔን ሳያማክር ነው የሚሠራው።

ዓሣ መለየት ያስተማሩኝ ጎረቤቴ የሆኑ አንድ የአፋር ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባሕር ላይ የኖሩ፣ አማርኛን ከአረብኛ ጋር አደባልቀው የሚናገሩ፣ እኔንም በአረብኛ «ቢንቲ»፣ ልጄ ሆይ፣ እያሉ የሚጠሩ ሰው ናቸው። ዓርብ ዓርብ ማለዳ ምግብ ቤቴን ዘግቼ ከእሳቸው ጋር ዓሣ አጠምዳለሁ። ዘንግ የለንም፤ የናይለን ገመድ፣ መንጠቆና የሰርዲን ቁራጭ ብቻ ነው ያለን። የያዝኩትን ሁሉ ቤት ስገባ በልጆች ባለ ቀለም እርሳስ ደብተር ላይ እስለዋለሁ። የጀርባውን እሾህ እቆጥራለሁ፣ ጥርሱን አያለሁ፣ ጭራው ቀጥ ያለ ይሁን የተሰነጠቀ እጽፋለሁ። የሰፈሩ ሴቶች ዕድሜዋን ጨርሳ ትምህርት ቤት ገባች እያሉ ሲስቁብኝ ኖረዋል። ይሳቁ። እነሱ ገበያ ሄደው ሻጩ የነገራቸውን ስም ይዘው ነው የሚመለሱት፤ እኔን ግን ማንም ሻጭ አያታልለኝም።

በመጀመሪያው ሰሞን ሁለት ቢጫ ዓሦችን አንድ ናቸው ብዬ ሽማግሌው ገርመም አድርገውኝ ነበር። አንደኛው ቢጫ ገላው ላይ አራት ሰማያዊ መስመር ከራሱ እስከ ጭራው የተዘረጋበት ነው። የሁለተኛው መስመሮች ቢጫ ናቸው፤ ጎኑ ላይ፣ ወደ ጭራው ጠጋ ብሎ፣ አንድ ጥቁር ነጥብ አለው። ሁለቱም ጀርባቸው ላይ አሥር እሾህ ስላላቸው እሾህ መቁጠር እዚህ ላይ አይረዳም። እሾሁን ትቼ መልኩን እንዳይ ነገሩኝ። ሌላ ዓርብ ደግሞ ከሁለቱ የተወለደ ክልስ አልፎ አልፎ እንደሚገኝ፣ ሰማያዊውን መስመርም ጥቁሩን ነጥብም አንድ ላይ እንደሚይዝ፣ እሳቸውም በዕድሜያቸው ሦስት ብቻ እንዳዩ አጫወቱኝ። የሽማግሌ ወግ ነው ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

ይህን ወሬ ምግብ ቤት ውስጥ ሳወራ አንዱ ሾፌር «ዲቃላ ዓሣ» ብሎ ተሳለቀ። ያን ቀን ምሳውን አቀዝቅዤበታለሁ። በዚህ ከተማ ከአፋርና ከሶማሌ፣ ከየመንና ከሐረር የተወለደው ልጅ ስንት ነው? ያን ስድብ በቤቴ ለሰው ቀርቶ ለዓሣም አላስወራም አልኩት።

ሁሪ የምትባለው የሽማግሌው ጠባብ ጀልባ ሞተሯ ከተቃጠለ ብዙ ወር ሆኖ ነበር። ያላዩት መካኒክ የለም፤ ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ሸኛቸው። ያለ ሞተር ዓሣው ያለበት ድረስ መሄድ አይቻልም፤ ዳር ዳሩን እየቀዘፉ የሚገኘው ለአንድ ሰው ምሳ እንኳ አይበቃም። እስከ ሙቀቱ መግቢያ ድረስ ሞተር ካላገኙ ጀልባዋን እንደሚሸጧት አንድ ዓርብ ነገሩኝ። ይህን ሲናገሩ እኔን አላዩኝም። ጀልባዋ ከሄደች ምን እንደሚሆኑ አውቅ ነበር። ሰፈራችን ውስጥ በር ላይ ወንበር አውጥተው አላፊ አግዳሚውን ሲቆጥሩ የሚውሉ ሽማግሌዎች አሉ፤ እሳቸውም አንዱ መሆናቸው ነው። ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጆቻቸው በየአገሩ ተበትነዋል። ባሕሩ ብቻ ነው የቀራቸው።

የውድድሩ ወሬ የመጣው በዚህ መሃል ነው። አንድ የጀልባ ዕቃ ነጋዴ ከአንድ መዝናኛ ክበብ ጋር ሆኖ በሁዳዴ አንድ ቅዳሜ የመንጠቆ ውድድር አዘጋጀ። የሚቆጠረው የዓሣው ብዛት ሳይሆን ዓይነቱ ነው፤ ከማለዳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብዙ ዓይነት ዓሣ በእጅ ገመድ ይዞ የመጣ ሰው አዲስ ትንሽ ሞተር ይወስዳል። እኩል የሆኑ ካሉ በጠቅላላው ክብደት ይለያሉ። በፈረንሳይኛ የተጻፈውን ማስታወቂያ ለሽማግሌው ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ክልስ ዓሣ ከተገኘ ራሱን እንደቻለ ዓይነት ይቆጠራል ይላል። ዓሣው ሁሉ ሳይቆረጥና ሳይፋቅ እንደተያዘ ይቅረብ ይላል። ይህንንም ያነበብኩት እኔው ነኝ፣ በዚህ አፌ። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ አስደግመውኛል።

ቅዳሜ ደረሰ። ባለ ሞተሮቹ ውሃውን እየሰነጠቁ ወደ ደሴቶቹ ተፈተለኩ። እኛ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ከሚባለው ሰፈር በታች ካለው ድንጋያማ ዳርቻ ትንሽ ገባ ብለን፣ እሳቸው እየቀዘፉ እኔ ሰርዲኑን መንጠቆ ላይ እየሰካሁ ዋልን። ስልኬን ባለፈው ዓመት ባሕሩ ስለበላብኝ አዲሱን ቤት ትቼው ነበር፤ የእሳቸው ስልክ ደግሞ ከመደወል ሌላ ሥራ አያውቅም። ሽማግሌው የባሕሩን ወለል እንደ ቤታቸው ወለል ነው የሚያውቁት። እዚህ አሸዋ ነው፣ እዚያ ድንጋይ ነው፣ ከዚያኛው ሥር ዋሻ አለ እያሉ ገመዱን ያስጥሉኛል፤ በጣልን ቁጥር ሌላ ዓይነት ይወጣል። አንድ ዓይነት ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ መልሰን ወደ ውሃው እንለቀዋለን። አምስት ሰዓት ሲሆን አሥራ አንድ ዓይነት ይዘን ነበር፤ ሁለቱም ቢጫዎች ከመካከላቸው ነበሩ።

አሥራ ሁለተኛው የተያዘው በእኔ ገመድ ነው። ሳወጣው ባለ ሰማያዊ መስመሩ መሰለኝና ልለቀው መንጠቆውን መፍታት ጀመርኩ። ሽማግሌው እጄን ያዙኝ። አራቱ ሰማያዊ መስመሮች አሉ፤ ጎኑ ላይ ደግሞ ጥቁሩ ነጥብ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ዝቅ ያለው መስመር ሆዱ ጋ ሲደርስ ተቆራርጦ ወደ ቢጫነት ይሄዳል። በሁለት እጃቸው ይዘው እያገላበጡ ረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ አራተኛዬ ነው አሉና ሳቁ። ጥርሳቸው የቀረው ጥቂት ነው፤ ያን ዕለት ሁሉንም አየሁት። እኔም ከዓመታት በፊት በሆዴ የሳቅኩባቸውን አስታውሼ አፈርኩ።

ወደ ዳርቻው ስንመለስ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። በረዶ ያለበትን ሣጥን ድንጋይ ጥላ ሥር አስገባነው። ሽማግሌው ውዱእ አድርገው ዙሁርን፣ የቀትሩን ስግደት፣ ሊሰግዱ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብለው አሸዋው ላይ ምንጣፋቸውን ዘረጉ። እኔ ያን ዓሣ እንደገና ላየው ከሣጥኑ አወጣሁት። በዚያች ደቂቃ ምን አስብ እንደነበር በደንብ አስታውሳለሁ። ሰኞ ሾፌሮቹ ጋ ሄጄ ስለዚህ ዓሣ ሳወራ፣ ቅርፊት አለው ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ይታየኝ ነበር። እጄ ላይ በሕይወቴ አይቼው የማላውቅ ዓሣ ነበር። የሰርዲን መቁረጫው ቢላዋም ጉልበቴ አጠገብ ነበር።

የነቃሁት ቅርፊቱ ፊቴ ላይ ሲረጭ ነው። አንዱ ጎን ከጭራ እስከ ራስ ተፍቋል። ሰማያዊው መስመር፣ ጥቁሩ ነጥብ፣ ሁሉም ከስሱ ቆዳ ጋር ተነስቶ ቢላዋው ላይ ተለጥፏል። ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ደግሞ የባሰ ነው። ዓሣውን ገለበጥኩና ሁለተኛውንም ጎን ፋቅኩት። ለምን? ራሴን ስንት ጊዜ ጠይቄያለሁ። ወጥ ቤቴ ውስጥ ግማሹ ተፍቆ ግማሹ የቀረ ዓሣ ኖሮ አያውቅም፤ ያለኝ መልስ ይኸው ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ ለእጄ ያስተማርኩት ሥራ በአንዲት ደቂቃ የሰውን ተስፋ ገፎ ጣለ። እጄን መቁረጥ አማረኝ።

ሽማግሌው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሰላምታ ሰጥተው ሲጨርሱ ዞረው አዩኝ። ዓሣው ጭኔ ላይ ነበር። መጥተው ከእጄ ወሰዱት፣ በባሕሩ ውሃ አለቀለቁት፣ ከሌሎቹ ጋር ሣጥኑ ውስጥ አስተኙት።  ሣጥኑን በአንድ በኩል አንስተው ሌላውን በኩል እንድይዝ በዓይናቸው አመለከቱኝ።

ዳኛው ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ፣ የባሕር ትምህርት ተምሯል የተባለ ሰውዬ ነው። ከፊቱ በላስቲክ የታሸገ ሥዕል ያለበት ካርድ አለ። ዓሦቹን በእጁ አይነካም፤ በብዕሩ ጫፍ እየነካካ፣ ካርዱ ላይ እያየ፣ ምልክት ያደርጋል። የእኛን አሥራ አንዱን አለፈ። ከእኛ በፊት ከቀረቡት ባለ ሞተሮች ቀዳሚዎቹም አሥራ አንድ ዓይነት ነበራቸው። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ብዕሩ ቆመ፤ ይህን የፋቀው ማን ነው ብሎ ጠየቀ።

አፌን ከፈትኩ። ከመናገሬ በፊት ግን ሽማግሌው ባለቻቸው ጥቂት ፈረንሳይኛ፣ ደረታቸውን በመዳፋቸው ነካ አድርገው «እኔ ነኝ» አሉ።

አፌን መልሼ ዘጋሁት። እውነቱ ይኸው ነው። ሰው ከቦናል፣ ሁሉም ያየናል፣ እኔም አፌን ዘጋሁ።

ሽማግሌው የዓሣውን መልክ ሊያስረዱ ሞከሩ። ዳኛው እሾሁን ቆጥሮ አሥር ነው አለ። ከሁለቱ ቢጫዎች አንዱ መሆኑን፣ ሁለቱም አስቀድመው እንደተመዘገቡልን ተናገረ። እዚያ ላይ ቢያቆም ምንም አልልም ነበር። እሱ ግን ብዕሩን ካርዱ ላይ ጠቅ ጠቅ እያደረገ፣ ባይፋቅ ኖሮም እንዲህ ያለ ክልስ በዚህ ባሕር የለም፣ ቢኖር ኖሮ ካርዱ ላይ ይኖር ነበር አለ። ስድሳ ዓመት ባሕር ላይ ለኖረ ሰው የታሸገ ካርድ አሳየው። ቆሽቴ አረረ። በፈረንሳይኛ ጀመርኩ፣ በሶማልኛ ቀጠልኩ፣ የቀረውን በአማርኛ ልክ ልኩን ነገርኩት። ዓሣ በእጁ ነክቶ እንደማያውቅ፣ ካርዱን የሳለው ሰውም ከቢሮው ወጥቶ እንደማያውቅ፣ ባሕሩ ከእሱ ፈቃድ እንደማይጠይቅ ነገርኩት። ፈገግ ብሎ «ማዳም፣ ይረጋጉ» አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቃል ያናደደኝ የለም። ሽማግሌው ክንዴን ይዘው እስኪወስዱኝ ድረስ ጮህኩ። እኩል አሥራ አንድ ስለሆንን ዓሣው ተመዘነ፤ ከደሴቶቹ የመጡት ዓሦች ትልልቅ ስለነበሩ ሞተሩ ለነዚያ ባለ ሞተሮች ሆነ።

ጀልባዋን ሙቀቱ ሳይገባ አንድ የታጁራ ሰው ገዝቶ ወሰዳት። ሽማግሌው በር ላይ ወንበር አወጡ።

እኔ ደግሞ ቁጣዬን ለሾፌሮቹ መንዛት ጀመርኩ። የመጣው ሁሉ ሳይሰማ አይሄድም። ባርኔጣውን፣ ብዕሩን፣ ካርዱን፣ «ይረጋጉ» ያለበትን ድምፅ ሳይቀር አስመስዬ እነግራቸዋለሁ። ሁሉም አብረውኝ ይቆጣሉ፤ አንዱማ ዳኛውን ካገኘሁት እያለ እጅጌውን ሰብስቧል። በዚህ መሃል አንድ ረጋ ያለ ሾፌር ዓሣው ግን ለምን ተፋቀ ብሎ ጠየቀኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። «ሽማግሌ ናቸው፤ ረስተው ነው» አልኩት። ከአፌ የወጣው ያለ ምንም ችግር ነው። ከዚያ በኋላ ታሪኩን በነገርኩ ቁጥር ያቺ ውሸትም አብራ ትነገር ነበር። ቆይቶማ የሚያስቀው ቦታ እሷ ሆነች።

ከጾሙ ፍቺ በኋላ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሽማግሌው ሊበሉ መጡ። አልፎ አልፎ እየጠራሁ ሩዝና ዓሣ አቀርብላቸዋለሁ። አራቱም ጠረጴዛ ሞልቶ ስለነበር ከሾፌሮች ጋር ደርቤ አስቀመጥኳቸው። አንዱ ጨዋታ ወዳድ፣ ታሪኩን ከጓደኞቹ የሰማ፣ ወደ እሳቸው ጠጋ ብሎ፣ አዲስ ሞተር በቢላዋ የፋቁት እርስዎ ነዎት አሉኝ ብሎ ቀለደባቸው። ሌሎቹ ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም። ሽማግሌው ከሩዙ ቀና ብለው አዩት፤ ከዚያ ወደ እኔ አዩ። እኔ ጭልፋ ይዤ ቆሜያለሁ። ማን እንዲህ እንዳወራባቸው ያወቁት በዚያች ቅጽበት ነው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አሉት።

ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልኩም። ጭልፋውን ጣልኩት። «ውሸት ነው» አልኩ፤ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ነው የተናገርኩት። «የፋቅኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ሲሰግዱ ነበር። ዳኛው ፊትም የዋሹት ለእኔ ብለው ነው።»

ሳቁ ጠፋ። እኔ ግን ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ የተነሳ መስሎኝ ነበር። አሁን ይቅር ይሉኛል፣ ሾፌሮቹም ያከብሯቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። ሽማግሌው ቀስ ብለው ተነሱ። ባሕር ላይ ገመድ ሲበጠስ፣ ሞተር ሲቃጠል፣ ጀልባዋ ስትሸጥ ሲቆጡ አይቻቸው የማላውቅ ሰው ያን ዕለት ተቆጡ።

«ቢንቲ፣ ከሰገድኩበት ተነስቼ በሰው ፊት እኔ ነኝ ብያለሁ» አሉኝ። «ጀልባዬ ሄዳለች። ቃሌ ቀርቶኝ ነበር። አንቺ ዛሬ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ውሸታም አደረግሽኝ።»

እኔም ተናደድኩ። ደፍሬ እውነት ተናግሬ ደግሞ ልወቀስ ነው? ሽማግሌው እንዲዋሹልኝ መቼ ለመንኳቸው? መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እሳቸው ግን በሩ ጋ ደርሰዋል፤ ከሳህናቸው ላይ የጎደለው ከአንድ ጉርሻ አይበልጥም። ሾፌሮቹ አንዴ ሳህኑን አንዴ እኔን ያያሉ።

«ምን ታያላችሁ፣ ብሉ» አልኳቸው።